በክረምት የሚደፈን ቀዳዳ

ውበቴ ወልደ ኪዳን የሰው ምድር ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምታደርገው ማሽተት ነው። ግድግዳ አትነካም፣ አታንኳኳም፤ በሩ ላይ ቆማ ዓይኗን ጨፈን ታደርግና በአፍንጫዋ ትስባለች። አፈር አፈር ካለ ውሃው የሚገባው ከውጭ ነው። የከረመ እርጥብ ጨርቅ ከሸተተ ግን እርጥበቱን የሚያመጡት እዚያው ውስጥ ያሉት ሰዎች ናቸው፤ ትንፋሻቸው፣ የሚያፈሉት ውሃ፣ ቤት ውስጥ የሚያሰጡት ልብስ መውጫ አጥቶ ግድግዳ ላይ እያረፈ ነው ማለት ነው። ሞጣ ውስጥ ሱቁ ሥር መጋዘን ያለው ነጋዴ ሁሉ ይህን ከእሷ ሰምቶታል፤ ሁሉም አንድ ክረምት ዕቃው ሻግቶበት ጠርቷታልና።

ጨርቅ ነጋዴው ሙሐመድሸሪፍ መጀመሪያ ወደ መጋዘኑ ያስወረዳት ቀን ስታሸት አይቶ ሳቀባት።

"ምን ታሸቻለሽ፣ ወጥ መሰለሽ?"

"ወጥ ቢሆንማ ያረረ ነው" አለችው። "ይኼን ስሚንቶ ማን ለሰነው?"

"ጥሩ ግንበኛ ነዋ! አታይውም፣ እንደ መስታወት?"

"እንደ መስታወት ስለሆነ እኮ ነው የሚያልበው። ድንጋዩ ከኋላ ውሃ ይጠጣል፤ እናንተ ከፊት አፉን ዘግታችሁበታል።"

"በይ እሺ፣ አፉን ክፈችለት። ብቻ እንደ አንቺ ለፍላፊ እንዳይሆን አደራ።"

ስሚንቶውን በመሮ አነሳችው፤ ግድግዳውን በኖራ ለሰነችው፤ ከውጭ ቦይ አስቆፍራ ጠጠር ሞላችበት። በሚቀጥለው ክረምት አንድ ጣቃ ጨርቅ አልሻገተም። ከዚያ ወዲህ ሙሐመድሸሪፍ "ሐኪሟ" እያለ ነው የሚጠራት፤ ለሰውም "የግድግዳ ሐኪም አለችን፣ የሰው ነው የጎደለን" ይላል።

ሙያውን የተማረችው ቴክኒክና ሙያ ገብታ ነው። ክፍሉ የወንድ ነበር። የግንበኛ ማንኪያ ያነሳች ቀን አንዱ ከኋላ "ማንኪያስ ያምርብሻል፣ ድስቱ የታለ?" አላት። እሷም ዞር ብላ አየችውና "ድስቱ አንተ ነህ፤ ባዶ" ብላው ሥራዋን ቀጠለች። ኋላ ትዳር ያዘች፤ አልሰመረም፤ ልጅም ሳይኖር ተለያዩ። ኑሮዋን ሞጣ አደረገች። በዓመት በዓል በዓሉ ግን ሚኒባስ ተሳፍራ ብቸና ትወርዳለች፤ እናቷ ጋ።

እናቷ እማማ አገሬ የሚኖሩት ተዳፋት ላይ በተሠራ ቤት ታችኛው ክፍል ነበር። ክፍሉን አባቷ ወልደ ኪዳን በሕይወት ሳሉ ኮረብታውን ቆፍረው የሠሩት ለእህል ነው። የኋላው ግድግዳ ሙሉ በሙሉ አፈር ውስጥ የገባ፣ የፊቱ በር ወደ ግቢው የሚከፈት፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ ለዘር ማስቀመጫ የሚመች። እሳቸው ካረፉ በኋላ የእማማ አገሬ ጉልበት ደረጃ እምቢ አለ። አልጋቸውን አስወረዱና እዚያው ሆኑ። ከበራፉ ላይ ቁጭ ሲሉ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ይታያቸዋል፤ ቅዳሴው ይሰማቸዋል። "ከዚህ የተሻለ ቦታ ማን ይሰጠኛል?" ይሉ ነበር። ላይኛው ቤት የውበቴ ታናሽ እህት ባንቺዓለም ከባሏ ከምንይሉ ጋር ትኖራለች። ምንይሉ ሥራ ፍለጋ ቆላ እየወረደ ስለሚከርም እናቲቱን የምታስታምመው ባንቺዓለም ነበረች። ማጠብ፣ ማጉረስ፣ አቅፎ ማንሳት፣ ሁሉም በእሷ ጫንቃ።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው ባንቺዓለም የደወለችው።

"እታለም፣ የእማየ ሳል አልለቅ አለ። ጤና ጣቢያ ወስጃት ነበር፤ ሳንባዋ ነው፣ ከእርጥበትና ከጢስ ጠብቋት አሉኝ።"

ውበቴ መሮዋንና ማንኪያዋን በከረጢት አድርጋ በማግስቱ ተሳፈረች። በሩ ላይ ቆማ አሸተተች። ሁለቱም ሽታ አለ፤ አፈሩም፣ ጨርቁም። የሰው ቤት ስትዞር የእናቷን ቤት እስከዚያን ቀን በሙያ ዓይን አይታው አታውቅም ነበር። እንግዳ ሆና ነበር የምትመጣው፤ በልታ፣ ተጫውታ፣ ተመርቃ ትሄዳለች።

ሥራውን እንደ ትልቅ ሥራ ያዘችው። የጣሪያው ውሃ ሁሉ የሚወርደው ከኋለኛው ግድግዳ ሥር ስለነበር አሸንዳ አሰረችና ውሃውን ወደ ጎን መለሰችው። ከግድግዳው ጀርባ ጠልቆ የሚሄድ ቦይ አስቆፈረች፤ ወደ ታች ተዳፋት አስይዛ ጠጠር ሞላችው። ከውስጥ ስሚንቶውን አራግፋ ኖራ ለሰነች። ጎረቤት እየመጣ ሲያይ ለሁሉም ታስረዳለች፤ ውሃው በየት እንደሚመጣ፣ ጠጠሩ ለምን እንደሚሻል፣ ኖራ ለምን እንደሚተነፍስ። በመጨረሻ ሁለት ቀዳዳ ከፈተች። አንዱን ከበሩ ጎን ከወለሉ ትንሽ ከፍ አድርጋ፤ ሌላውን ራቅ አድርጋ፣ ከአፈሩ በወጣው የጎን ግድግዳ ጣሪያው ሥር። ንጹሕ አየር በታች ይገባል፣ ትንፋሽና እንፋሎት በላይ ይወጣል። አይጥ እንዳይገባ ወንፊት ሽቦ መታችባቸው።

እማማ አገሬ አልጋቸው ላይ ሆነው ሁሉንም ዝም ብለው አይተው ነበር። ቀዳዳው ላይ ግን ተነሡ።

"ሌላውን ሁሉ ሠራሽ፣ እግዜር ይስጥሽ። ይኼን ግን ድፈኝው።"

"እማየ፣ መተንፈሻ ነው እኮ።"

"ደሞ ቤት ይተነፍሳል?"

"ይተነፍሳል።"

"እንግዲያው እኔን ንፋስ መትቶኝ ስሞት እሱ ይተንፍስልሽ!"

ባንቺዓለም ሳቀች፤ ውበቴም ሳቀች። ግን አዲስ ነገር አልነበረም። በዚያ አገር ከሌባ ይልቅ ንፋስ ነው የሚፈራው። ላብ ያለው ሰው፣ አራስ፣ በሽተኛ በር አይከፈትበትም። ውበቴ ራሷ ሚኒባስ ውስጥ አንዱ መስኮት ሲከፍት "ኧረ ዝጋው ወንድሜ!" ከሚሉት አንዷ ናት። ስለዚህም ክርክሩን አላከረረችም። ሰኔ ሲቃረብ ሞጣ የጀመረችው ሥራ ሲጠራት እህቷን ግቢው በር ላይ ያዝ አድርጋ፣

"ቀዳዳዎቹን አደራ" አለቻት።

"እሺ እታለም።"

ይኸው ነው። ስለ ቦዩ ለመንደሩ ሁሉ ስታስረዳ የከረመችው ሴት ስለ ቀዳዳው ለገዛ እህቷ የተናገረችው ይህን ብቻ ነው። ሚኒባሱ ጥሩምባ እየነፋ ነበር።

ክረምቱ ከበድ ብሎ ገባ። ሐምሌ ላይ መንገዱ ተዘጋ፤ ስልክም ጠፋ። ውበቴ ሞጣ ቁጭ ብላ ዝናቡን ስትሰማ ቦዩን ታስብ ነበር፤ ጠጠሩ ውሃውን ይወስደው ይሆን፣ አሸንዳው ይዞ ይሆን። በሙያዋ ነበር የምታስበው፤ እንዲያ ማሰብ ይቀላል።

ፍልሰታ ተፈትቶ ጥቂት ቀን እንዳለፈ፣ ጎህ ሲቀድ በሯ ተንኳኳ። ከፍታ ስታይ ሙሐመድሸሪፍ ከሚስቱ ከዑሙሰልማ ጋር ቆሟል፤ ከኋላቸው የቤት አከራይዋና ጎረቤቶቿ። ሰው በዚያ ሰዓት፣ ያን ያህል ሆኖ፣ እንዲያ ዝም ብሎ የሚመጣው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ያ ቀልደኛው ሙሐመድሸሪፍ "ሐኪሟ…" ብሎ ቆመ። ዑሙሰልማ አለፈችውና ውበቴን አቀፈቻት። ከብቸና በበቅሎ የመጣ ነጋዴ ነው ወሬውን ያደረሰው። እማማ አገሬ ተቀብረው ሰልስታቸው ወጥቷል።

እናቷን አልቀበረችም። ከዚህ በላይ ምን ይነገራል? ሞጣ ላይ ለቅሶ ተቀመጠች፤ ሰው አስተዛዘናት፤ እሷ ግን ፊቷን ወደ ብቸና መንገድ አድርጋ ነበር የምታለቅሰው።

መስቀል ሲቃረብ መንገዱ ተከፈተ። ውበቴ ግቢው ስትደርስ ከባንቺዓለም ጋር ተያይዘው አለቀሱ፤ ጎረቤትም መጥቶ አብሮ አለቀሰ። ሰው ሲቀንስ ውበቴ ወደ ታችኛው ቤት ገባች። ያለ ፈቃዷ አሸተተች፤ ልማድ ነው።

አፈሩ የለም። የኋላው ግድግዳ በእጇ መዳፍ ስትነካው እንደ ደረቀ እንጀራ ነው፤ ቦዩ ያን ሁሉ ዝናብ ችሏል። የከረመው ጨርቅ ሽታ ግን ፊቷን መታት። ከአልጋው ራስጌ እስከ ጣሪያው ድረስ ሻጋታው ጠቁሮ ወጥቷል። ቀና ስትል የላይኛው ቀዳዳ በአሮጌ ነጠላ ተወትፎ፣ በላዩ በጭቃና በእበት ተመርጎ አየች። የታችኛውም እንዲሁ። አልጋው አጠገብ ከሰል ማንደጃ አለ፤ በላዩ የባሕር ዛፍ ቅጠል የሚፈላበት ድስት። ለሳሉ እንፋሎት ሲያጥኗቸው ነበር የከረሙት። ያ ሁሉ እንፋሎት፣ ያ ሁሉ ትንፋሽ፣ ሊጠይቅ የሚመጣው እርጥብ ጋቢ የለበሰ ጎረቤት ሁሉ፣ በዚያች በተደፈነች ክፍል ውስጥ።

ባንቺዓለም ከኋላዋ ገባች። እህቷ ወዴት እንደምታይ አየች።

"እኔ ነኝ የደፈንኩት" አለች። "ሐምሌ ላይ። በረደኝ፣ ንፋሱ አጥንቴ ገባ እያለች ታለቅስብኝ ነበር። እማየ እንደ ሕፃን ስታለቅስ አይተሽ ታውቂያለሽ? ልደውልልሽ ብል ስልክ የለም። የራሴን ነጠላ ቀድጄ ደፈንኩላት። ያን ቀን ሳቀች፤ መረቀችኝ።"

ውበቴ ጎንበስ ብላ የታችኛውን ምርግ በጣቷ ነካ አደረገችው።

"ከዚያ በኋላ ግን ሳሉ ባሰ። እታለም… አጠፋሁ እንዴ?"

ባንቺዓለም ከሳስታለች። በዚያ ክረምት እናቷን ጀርባዋ ላይ አዝላ ደጅ ያወጣች፣ ያጠበች፣ ያለ እህት የቀበረች እሷ ናት። ደግሞም ነፍሰ ጡር ነበረች፤ መቀነቷ ከፍ ብሏል። ውበቴ መልሱን ታውቀዋለች። አፏ ግን ሌላ ነገር ተናገረ።

"አላጠፋሽም። ቀዳዳው የበጋ ነው። በክረምት ውጩም እርጥብ ስለሆነ ይደፈናል። እኔ ነኝ ሳልነግርሽ የሄድኩት።"

"በማርያም?"

"በማርያም።"

ባንቺዓለም እዚያው አልጋው ላይ ተቀመጠችና ከቀብሩ ወዲህ አልቅሳ የማታውቀውን ለቅሶ አለቀሰች፤ እፎይ ያለ ሰው ለቅሶ። ውበቴ የእህቷን ራስ ደረቷ ላይ አድርጋ ያዘቻት። ደግ ነገር የሠራች መሰላት።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። ይህኛው አልቀለለም። ጥር ላይ ባንቺዓለም ወንድ ልጅ ወለደች፤ ባንተአምላክ ተባለ። ውበቴ ለክርስትናው ሄዳ ስማ፣ አቅፋ፣ ተመለሰች። በስልክ ሁልጊዜ "ደህና ነን" ነው። ስለ ክፍሉ አልጠየቀችም፤ ባዶ ነው ብላ ነበር።

ለእናታቸው ሙት ዓመት ነሐሴ ላይ ስትሄድ ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርድ ነበር። ግቢው ስትገባ ከታችኛው ቤት የሕፃን ሳል ሰማች። ደረቅ አይደለም፤ ከታች ከደረት የሚመጣ፣ የሚያፏጭ። ያን ድምፅ ታውቀዋለች። እግሯ ቆመ።

"ግቢ እንጂ እታለም!" ባንቺዓለም ልጁን ታቅፋ ወጣች። "ምንይሉ ከሄደ ወዲህ ወርደን እዚህ ነን። የእማየ ቤት ሙት ዓመቷ ሳይወጣ ጨለማ አይሆንም ብዬ።"

"ሳሉ ምንድን ነው?"

"ጉንፋን ነዋ። የክረምት ነው፣ ይለቀዋል።"

ውበቴ ቀና አለች። ቀዳዳዎቹ ተደፍነዋል። አሁን ግን በነጠላና በጭቃ አይደለም፤ ምንይሉ ከእንጨት ልክክ አድርጎ የጠረበው፣ ላስቲክ የተጠቀለለበት፣ መሳቢያ ጆሮ ያለው ውታፍ ነው።

"አየሽው?" አለች ባንቺዓለም፤ ፊቷ ሁሉ ኩራት። "ሰኔ ላይ እደፍነዋለሁ፣ ለመስቀል እከፍተዋለሁ። ልክ እንዳልሽኝ። ስርጉትም አይታ የራሷን ቤት ደፈነች።"

ስርጉት የወዲያኛው ግቢ ጎረቤት ናት። እንጨት ልትፈልጥ መጥታ ነበር፤ ከደጅ ሆና፣ "ባለሙያ እህት ያላት ምን ትሆናለች!" አለች።

ያን ቀንና በማግስቱ ቤቱ በሥራ ተጠመደ። ዳቦ ይደፋል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ሰው ይገባል ይወጣል። ውበቴ ሽንኩርት እየከተፈች መላ ስትፈልግ ዋለች። ውታፉን በዘዴ አውጥታ "አሁን ሌላ አሠራር መጥቷል" ብትልስ? ልጁንና እናቱን ሞጣ ወስዳ ብታከርማቸውስ? ወደ ላይኛው ቤት ውጡ ብትላቸውስ? ሁሉም ይሠራል፤ ለአንድ ክረምት። ከዚያ በኋላስ? ባንቺዓለም ባለችበት ሁሉ፣ ልጅ በወለደች ቁጥር፣ ክረምት በገባ ቁጥር ትደፍናለች። ስርጉትም ትደፍናለች። እርጥብ ድንጋይ ላይ ስሚንቶ መለሰን ምን እንደሚያመጣ ውበቴ ለሰው ሁሉ ስትናገር ኖራለች፤ እዚህ ግን በውሸቷ የለሰነችው ራሷ ናት።

ሙት ዓመቱ ወጣ። ካህናቱ ፍትሐቱን ጨርሰው፣ በልተው፣ መርቀው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል እህትማማቾቹ ታችኛው ቤት ውስጥ ብቻቸውን ቀሩ። ልጁ በእናቱ ጭን ላይ ተኝቶ ደረቱ ያፏጫል።

"ባንቺ" አለች ውበቴ። "ውታፉን አውጪው።"

"ገና እኮ ነሐሴ ነው።"

"ክረምትም ቢሆን አይደፈንም። ውጩ እርጥብ ነው፤ ግን ሰው የሚተነፍስበት፣ ውሃ የሚፈላበት ቤት ከውጩ የባሰ እርጥብ ነው። መውጫ ይፈልጋል። ለዚህ ነው የከፈትኩት።"

"ያኔ ይደፈናል አልሽኝ።"

"ዋሸሁሽ።"

ባንቺዓለም ቶሎ አልገባትም። ፈገግ ልትል ሁሉ ፈለገች። ከዚያ ፈገግታው እዚያው ፊቷ ላይ ቀረ፤ ዓይኗ ግን ወደ አልጋው ራስጌ ሄደ፤ ያኔ ሻጋታው ወደነበረበት፣ እሷ አጥባ ኖራ ወደ ቀባችው ቦታ።

"እንግዲያ እማየን…"

"አላውቅም" አለች ውበቴ። "እውነቴን ነው፣ አላውቅም። ሳንባዋ ድሮም ታማሚ ነበር። ባይደፈንም ላትተርፍ ትችል ነበር። መደፈኑ ግን አልረዳትም።"

"በማርያም ብለሽ ነበር።"

"ብዬ ነበር።"

"ለምን ነገርሽኝ ታዲያ? እሺ አንዴ ከዋሸሽኝ እዚያው አትተዪኝም?"

"ልጁ ነዋ ባንቺ። ሳሉ… እንደ እማየ ነው።"

ባንቺዓለም ተነሣች። ልጁን ለእህቷ አቀበለቻት። ወደ ታችኛው ቀዳዳ ጎንበስ ብላ ውታፉን ሳበችው፤ እርጥበት አሳብጦት ስለነበር እምቢ አለ። በሁለት እጇ ይዛ፣ እግሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ጎተተችው፤ ወጣ። ለላይኛው በርጩማ ላይ ቆመች። ውበቴ "ቆይ እኔ ላውጣው" ስትል "ተይኝ" አለቻት። ያንንም አወጣችው። ቀዝቃዛው አየር ገባ፤ ልጁ ውበቴ እቅፍ ውስጥ ፊቱን አጨማደደ።

ስርጉት ዕቃ ልትመልስ መጥታ በር ላይ ቆመች። "ምነው! ሕፃን ተኝቶ? ኧረ ንፋሱ ልጁን ይመታዋል ባንቺዓለም!"

"ይግባ" አለች ባንቺዓለም። "አንቺም ቤትሽ ሂጂና ክፈችው። ስህተት ነው የነገርኩሽ።" ድምፅዋ የሰው ድምፅ አይመስልም ነበር። ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀመጠችና ሁለቱን እጇን፣ የደፈኑትንም የከፈቱትንም እጆች፣ ጭኗ ላይ ዘርግታ ታያቸው ጀመር። ውበቴ ጠጋ ብላ ትከሻዋን ልትይዝ ስትል ዞር አለችባት። ያኔ አልቅሳ የጨረሰችው መስሏት የነበረው ለቅሶ አሁን ቢመጣ ይሻል ነበር። አልመጣም።

በማግስቱ ልጁን ጤና ጣቢያ ወሰዱት፤ መድኃኒት ተሰጠው፤ ከአልጋው ጋር ወደ ላይኛው ቤት ወጣ። ባንቺዓለም ግቢው በር ድረስ ሸኘቻት። ተሳስመው ተለያዩ፤ እንደ ባዳ፣ ጉንጭ ለጉንጭ ብቻ።

አሁን ውበቴ ሞጣ ናት። ሥራ አለ፤ ክረምት ሲወጣ ሰው ሁሉ የሻገተ ዕቃውን አውጥቶ ያሰጣና እሷን ይጠራል። አሁን ቀዳዳ በከፈተች ቁጥር የቤቱን ሰው ሁሉ ሰብስባ፣ አሮጊቶቹንም ሳይቀር፣ ለምን እንደማይደፈን እስኪሰለቻቸው ትነግራለች። ሙሐመድሸሪፍ "ሐኪሟ ደግሞ ሰባኪ ሆነች" ብሎ ይቀልዳል፤ እሷ አትስቅም።

እሑድ እሑድ ብቸና ትደውላለች።

"ልጁ ደህና ነው?"

"ደህና ነው። ሳሉ ለቆታል።"

"ግድግዳውስ?"

"ደረቅ ነው።"

"አንቺስ?"

ባንቺዓለም ለዚህኛው አትመልስም። ልጁ ጮኸ፣ ወተት ገነፈለ፣ ሰው መጣ ትልና ስልኩን ትዘጋዋለች።